የእንኮይ በር ሙሽራ ሹሩባ ለምን ይላላል

በእንኮይ በር አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ፣ አማቷ ቅቤ ከመቀባቷ በፊት የፊት ሹሩባዋን በሰው ፊት በገዛ ጣቷ ታላላዋለች። ከሌላ አገር የመጣ ሚዜ ይህን ሲያይ «ምነው፣ ይህን የመሰለ ሥራ!» ብሎ ይደነግጣል፤ ወጉን አያውቅማ።

እንደሚነገረው ድሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የእንኮይ በር ሴት የምትመዘነው በሹሩባዋ ጥብቀት ነበር፤ ዓይኗ ወደ ጆሮዋ ካልተሳበ፣ ግንባሯ እንደ ከበሮ ቆዳ ካልተወጠረ ተሠራች አይባልም፤ ስትሠራ «እህ» ያለች ልጅ ደግሞ «ይቺ ነች ምጥ የምትችል?» እየተባለች በየአጥሩ ትታማለች። ሐሜት መቼም እግር አለው፣ ሳይውል ሳያድር ወንዝ ተሻግሮ ባል ያሳጣል።

በዚያ ዘመን አትጠገብ የምትባል ልጅ ነበረች ይባላል። እናቷ ወይዘሮ ዘርፌ እጃቸው የበረታ ሹሩባ ሠሪ ነበሩና፣ ልጃቸውን ከሰው ልጅ አብልጠው ወጥረው ይጎነጉኗት ነበር። አትጠገብም ጥርሷን ነክሳ ስትችል ስትችል፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጠጉር በሚዶ እየተነቀለ ይወጣ ጀመር። እናትየዋ «ዓይን ነው» ብለው ጠበል ወሰዷት፤ ከጠበል ሲመለሱ ደግሞ ገላጣውን ለመሸፈን የተረፈውን አጥብቀው ሳቡት። በሳቡት ቁጥር እየሳሳ፣ በሳሳ ቁጥር እየሳቡት፣ ልጅቱ ያለ ሻሽ ደጅ የማትወጣ ሆነች።

እንዲህ እንዳለች ሠርጉ ደረሰ። ሻሽ የምትፈታው አማት ናት፤ ራሷ ላይ ነውር የተገኘባት ሙሽራ ደግሞ በመጣችበት በቅሎ ትመለሳለች።

«እምዬ፣ ቢመልሱኝስ?»

«ዝም በይ! አጥብቄዋለሁ፣ አይታይም።»

አማቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው፣ በምላሳቸው አገር የሚፈራቸው። ሻሹን ሲፈቱት በግራም በቀኝም መዳፍ የሚያህል ገላጣ ብቅ አለ። አንዲት ጎረቤት «ውይ በሞትኩት!» አለች፤ አዝና እንዳይመስላችሁ፣ የከርሞ ወሬ አግኝታ ነው። አትጠገብ ዓይኗን ጨፍና በቅሎዋ ስትጫን ትጠብቃለች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ባላቸው እንኳ በቀን ብርሃን ተፈትቶ ያላየውን የራሳቸውን ሻሽ ፈቱ። ከግንባራቸው እስከ መሃል አናታቸው መላጣ!

«ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን በላኝ ስል ኖርሁ» አሉ። «ዓይን የሰው ጠጉር ሲበላ ሁላችንንም ከጆሮ በላይ ከጆሮ በላይ ነው እንዴ የሚበላ? እጃችን ነው እንጂ!» ከዚያ ወደ ጎረቤቲቱ ዞረው «አንቺ በሞትኩት ባይ፣ እስቲ ያንቺን አሳዪን!» አሏት። እሷም ሻሿን በሁለት እጇ ጨብጣ «ኧረ እሜቴ፣ ባሌ እዚህ አለ!» ብትል፣ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሴቶቹም እየተያዩ አንድ በአንድ ፈቱ። አማትየዋ የሙሽራዋን ሹሩባ ያላሉት ያን ጊዜ ነው ይባላል፤ አትጠገብም የልጅነቷ ግንባር ተመልሶላት ሳቀች።

በቅሎዋ ባዶዋን ሄደች። ወይዘሮ ዘርፌ ወሬውን ሰምተው አለቀሱ ይባላል፣ ከዚያ ወዲያም «አመመሽ ወይ?» ሳይሉ የሰው ጠጉር አልያዙም። አትጠገብ ሹሩባዋን ፈትታ ክረምቱን ብትከርም፣ ገላጣው ላይ እንደ ጤፍ ቡቃያ ስስ ጠጉር ወጣ። የአማቷ ግን የቆየ ነበርና አልተመለሰም፤ «የእኔስ ተረግጦ መንገድ ሆኗል፣ ያንቺ ገና ማሳ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር አሉ።

ባለፈው ጥር ከማዶ አንዲት ሙሽራ መጥታ ነበር። አማቷ ገና እጇን ሳትዘረጋ፣ ሙሽራዪቱ ራሷ ሰው በሞላበት ዳስ ጣቷን ከጆሮዋ በላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ጠብቆብኛል» አለች። አሮጊቶቹ እልልታውን አቀለጡት።