ሦስት ጊዜ የተከፈለበት መንገድ

አንድ ወፍጮ ወቃሪ ነበር፤ ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ከርሞ ፊቱ ልሙጥ ይሆናል። ልሙጥ ድንጋይ ደግሞ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አያደቀውም። ያኔ ድንጋዩን አውርዶ በመዶሻ እየነቆረ እንደገና ሻካራ የሚያደርገው ሰው ይፈለጋል። ቢያድግልኝ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይቷል፤ እጁን የሚያማ ሰው አልነበረም።

ደንበኞቹ ሦስት ወፍጮ ቤቶች ናቸው። ሦስቱም ከቤቱ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ርቀው በአንድ ተራራ ላይ ተቀምጠዋል። ከግርጌው ያለው ማሽላ ይፈጫል፣ ከወገቡ ያለው ጤፍ፣ ከአናቱ ያለው ገብስ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

የአገሩ ልማድ ወቃሪ የጠራ ባለወፍጮ ከሥራው ዋጋ ሌላ የመንገዱን ወጪ ይችላል የሚል ነው። የመኪናውን ደርሶ መልስ፣ ምግቡን፣ አልጋውን ማለት ነው። የሥራው ዋጋ አንድ ሺህ ብር ሲሆን መንገዱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ይደርሳል። መንገዱ ከሥራው መብለጡ ማንንም አያስገርምም ነበር፤ ሩቅ ነዋ።

ቢያድግልኝ መጀመሪያ ላይ ለየአንዳንዳቸው ለየብቻ ነበር የሚመጣው። አንድ ዓመት ግን ሦስቱም በአንድ ሳምንት ጠሩት። በአንድ ጉዞ ሦስቱንም ሠርቶ ሲጨርስ ሦስቱም ሙሉውን መንገድ ከፈሉት። እሱም ዝም ብሎ ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮዎቹን ራሱ አገጣጠማቸው፤ ለየአንዳንዳቸውም በቀጥታ ከቤቱ እንደመጣ ይነግራቸው ጀመር።

እንዲህ ያደረገው ክፉ ሰው ስለነበረ አይመስለኝም። ሥራው አነሰበት። ሦስቱም በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚጠሩት፤ በዓመት ሦስት ሥራ ደግሞ ቤተሰብ አያኖርም። ከመንገዱ የሚተርፈውን ይዞ ነበር ክረምቱን የሚገፋው።

ከአናቱ ያለው ወፍጮ የወይዘሮ ትብለጥ ነው። ወይዘሮ ትብለጥ ነገር ማወቅ የሚወዱ ሴት ናቸው፤ እጃቸውን ጆንያ ውስጥ ሰደድ አድርገው ገብሱ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ይናገራሉ። በዚያ ዓመት ግን ችግር ላይ ነበሩ። ዱቄታቸው እየጎረበጠ ገበሬው አህያውን ጭኖ በራቸውን እያለፈ ወደ ታች ይወርዳል። ወፍጮ ቤታቸውን ለመዝጋት ትንሽ ቀርቷቸው ሳለ ነው ቢያድግልኝን የጠሩት።

መጣና መዶሻዎቹን አወረደ። ወይዘሮ ትብለጥ የሱሪውን ጫፍ አዩ፤ ቀላ ያለ ዱቄት ይዟል። ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉትና ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ከቤቱ እንደመጣ፣ ከመኪና የወረደውም አሁን እንደሆነ ነገራቸው።

«ይሄ የማሽላ ዱቄት ነው» አሉት። «እዚህ ተራራ ላይ ማሽላ የሚፈጭ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።»

ቢያድግልኝ ሱሪውን ቁልቁል አየ። ከሦስቱ አንዷን ካጣ ሁለቱም መስማታቸው አይቀርም፤ እንጀራው በዚያች በጣት በምትነሳ ዱቄት ላይ ተንጠልጥሎ ታየው። ቢሆንም ሦስቱንም በአንድ ጉዞ እንደሚሠራ እውነቱን አወጣና ሲያስበው የኖረውን መከራከሪያ ጨመረበት።

«እትዬ፣ እርስዎን ምን አጎደልኩብዎት? ለእርስዎ ብቻ ብመጣስ ያው ይህንኑ ይከፍሉ አልነበር?»

ወይዘሮ ትብለጥ ሒሳቡን በልባቸው ሠሩት። የተናገረው ልክ ነው። ሥራውን እንዲጀምር፣ እሳቸው ነገሩን ሊያስቡበት እንደሚፈልጉ ነገሩት። ቀኑን ሙሉ እሱ ድንጋዩን ሲነቁር እሳቸው ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አሰቡ። በየት በኩል ቢያገላብጡት ንግግሩ ልክ ነበር፤ ግን አልዋጥ አላቸው።

ሲጨርስ ተነስተው የድንጋዩን ፊት በመዳፋቸው ዳሰሱት። ሥራው ያማረ ነው። ከዚያ ይህ ድንጋይ በዓመት ስንት ጊዜ መወቀር እንዳለበት ጠየቁት። ሦስት ጊዜ እንደሆነ፣ ከዚያ ካነሰ ዛሬ እንዳገኘው እንደሚሆን ነገራቸው።

«ታዲያ በዓመት አንዴ ብቻ የምጠራህ ለምን ይመስልሃል?»

ገንዘብ ስለሚሳሱ ነው ብሎ ያስብ ነበር።

«ሥራህ ተወዶብኝ አይደለም» አሉት። «መንገድህን ፈርቼ ነው። አራት ወር ሙሉ ደንበኛዬ በበሬ ሲያልፍ እያየሁ፣ ዛሬ ልጥራው ነገ ልጥራው ስል የከረምኩት መንገድህን እያሰብኩ ነው። አምስት መቶ ብር ብቻ እንደሚደርስብኝ ባውቅ ከፋሲካ በፊት እጠራህ ነበር።»

ቢያድግልኝ መዶሻውን እንደያዘ ቁጭ አለ። ሦስት ወፍጮ፣ በዓመት ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ዘጠኝ ሥራ። ዘጠኝ ሺህ ብር። በደበቀው መንገድ የሚያገኘው ከነሥራው ተደምሮ፣ የራሱ የጉዞ ወጪ ሲቀነስ፣ ስድስት ሺህ ነበር። ሥራ ሲያጣ መንገዱን አስወደደ፤ መንገዱ ሲወደድ ደግሞ ሥራ አጣ። ይህን ያህል ዓመት በገዛ እጁ የራሱን በር ሲዘጋ ነበር የኖረው።

ምን ማድረግ እንደሚሻለው ጠየቃቸው። እሳቸውም ወርዶ ለሁለቱም ራሱ እንዲነግራቸው መከሩት፤ ዱቄት ቀድሞት ከነገራቸው ወዲያ እሱን የሚሰማው የለም። እሳቸውን ለመንገዱ አምስት መቶ ብር ብቻ አስከፍሏቸው ወረደ። የጤፉ ባለወፍጮ ስቆ የተመለሰለትን ትርፍ ገንዘብ ተቀበለና በዓመት ሦስት ጊዜ እንዲመጣለት ተስማማ። የማሽላው ባለወፍጮ አቶ ይርዳው ግን ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ሰድቦ ከግቢው አስወጣው፤ ዓመት ሙሉም አልጠራውም። በኋላ ድንጋዩ ልሙጥ ሆኖበት የቆላው ገበሬ ማሽላውን ጭኖ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር በወይዘሮ ትብለጥ በኩል መልእክት ላከ። ስለ ይቅርታ ያነሳው ነገር አልነበረም። መንገዱ ለሦስት ሲካፈል ስንት እንደሚደርስበት ብቻ ጠየቀ።

ሰው «ማንንም አልጎዳሁም» ሲል የሚቆጥረው የከፈለውን ሰው ነው። ዋጋውን ፈርቶ ሳይጠራን የቀረውን ግን ማናችንም አንቆጥረውም፤ እሱ ደጃችን ድረስ መጥቶ አይነግረንምና። ወጪውን በግልጽ ያካፈለ ሰው ከየአንዳንዱ ትንሽ ይቀበላል፣ ደጋግሞም ይጠራል።

እናንተስ፣ ከተጠራችሁ ሰንብቷል? ሥራዬ አልተወደደልኝም ብላችሁ ከማዘናችሁ በፊት ሱሪያችሁን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የተፈራው መንገዳችሁ ቢሆንስ?