ሶላሩ ላይ የተሰጣው ጋቢ

አንድ ጊዜ፣ የዱር ቀበሌ ወረፋ ወንዝ ተሻግሮ ማዶ በደረሰበት ዘመን፣ አያ አንበሶ በፀሐይ የሚሠራ መሣሪያ አስመጣና አዋጅ አስነገረ፦ «እግሩን መሣሪያው ላይ ያሳረፈ ሁሉ ወዲያው መታወቂያ ያገኛል። መታወቂያ ያለውን መብላት ክልክል ነው! ዛሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያላወጣ ግን የራሱ ጉዳይ!»

ዕድሜዋን ሙሉ ጅብ ስትሸሽ የኖረችው አህይት በደስታ ልታብድ ምንም አልቀራት። እያናፋች፣ እየፈነጨች ቀበሌው ደረሰች። ወረፋዋ ደርሶ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። መሣሪያው ላይ የተመደበው ሠራተኛ አያ ጅቦ ነው!

«እንደምን ዋሉ አያ ጅቦ? መታወቂያ ፈልጌ ነበር።»

አያ ጅቦ ከእግር እስከ ራሷ አያትና ምራቁን ዋጠ። «ሲስተም የለም!»

«መቼ ይመጣል?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ ብቅ በይ፣ እትዬ። ብቻሽን ከመጣሽ ቶሎ ትስተናገጃለሽ።»

አህይት ለመሄድ ዞር አለች። ከኋላዋ የተሰለፈችው ቀበሮ ጎኗን ጎሸም አድርጋ ጣሪያውን አሳየቻት። አያ ጅቦ ጋቢውን አጥቦ መሣሪያው ከፀሐይ ኃይል የሚያገኝበት ሶላር ላይ አስጥቶታል!

«ለመሆኑ» አለች ቀበሮ በሹክሹክታ፣ «እሱ ራሱ መታወቂያ አውጥቷል?»

የአህይት ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

«ይቅርታ አያ ጅቦ፣ የእርስዎስ መታወቂያ?»

«የእኔማ...» አያ ጅቦ የሌለ ኪሱን ዳበሰ። «ሲስተም የለም አላልኩሽም?»

«ታዲያ ማታ አያ አንበሶ ቢርባቸውስ?»

አያ ጅቦ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። አዘቅዝቃለች። «ወይኔ ጉዴ!» ብሎ ጣሪያው ላይ ዘለለ፣ ጋቢውን ጎተተ፣ በጋቢው ተጠቅልሎ ዱብ አለ።

መሣሪያው ጢጥ አለ። «ሲስተም መጣ!» ብሎ ወረፋው በእልልታ ቀለጠ። አያ ጅቦ እርጥብ ጋቢ ውስጥ ሲንፈራገጥ አህይት ሰኮናዋን አሳረፈች፤ ቀበሮ ተከተለች፤ የቀሩትም እየተሳሳቁ አንድ በአንድ አለፉ። እሱ በመጨረሻ ተፈትቶ እግሩን ሲያሳርፍ ፀሐይዋ ጥልቅ፣ መሣሪያው ድርግም!

ከጉብታው ማዶ አያ አንበሶ አገሳ።

«እባክሽ አህይትዬ፣ አንድ ነገር አድርጊ!»

አህይት መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጅራቷን እየወዘወዘች፣ በትሕትና ጎንበስ አለች።

«ሲስተም የለም፣ አያ ጅቦ። ነገ ብቅ ይበሉ።»

ከዚህ የምንማረው ሁሉን በእኩል እንዲያገለግል በመጣ መሣሪያ ላይ ጋቢውን የሚያሰጣ ሠራተኛ፣ የራሱ ጉዳይ የመጣ ዕለት እሱም ደጅ ቆሞ እንደሚመሽበት ነው።