ቦቲው፣ ቁስሉና የላይኛው ቦይ

ከእግር የሚነሣ ተረት አለኝ፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

አያ ተገኜ የአገሩ የውሃ አባት ነበር። የመስኖውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያካፍል፣ ቦይ ሲደፈን የሚያስጠርግ እሱ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፦ መስኖ የሚከፈት ዕለት ግራ እግሩን ቦቲው ውስጥ ማስገባት።

“ቦቲ፣ እግሬን አስገባ!” አለው።

“ቁስሉ ሳይድን አላስገባም” አለ ቦቲው።

እውነቱን ነው። የአውራ ጣቱ ቁስል ሦስት ወር ሞልቶታል፤ ዳር ዳሩም ጠቁሯል። አያ ተገኜ ማር ቀባው፣ ቅባት ቀባው፣ በመጨረሻም ተቆጣው። “ዳን እንጂ! ቁስል ካልዳነ ቦቲ አያስገባም።”

“ደም ሳይመጣልኝ በምን ልዳን?” አለ ቁስሉ።

“ደም ሆይ ውረድ! ደም ካልወረደ ቁስል አይድን፣ ቁስል ካልዳነ ቦቲ አያስገባም።”

“ደም ሥሩ ሳይከፈት አልወርድም” አለ ደሙ፣ ጉልበቱ ላይ ቆሞ።

“ከቁስል ጋር መሟገቱ ይብቃህ” ብላ ሚስቱ ትሁኔ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ከእግሩ ጀርባ ላይ ትርታ ፈለገች፤ አጣች። የደም ሥሩንም ሥዕል አንሥታ መስኮት በሚያህል ስክሪን አሳየችው።

“አባቴ፣ ደምዎ እዚህ ደርሶ ይቆማል። ከጉልበት በታች ስብ ተጋግሮ ደም ሥሩን ደፍኖታል።”

“ስብ ሆይ ወደ ዳር ተጠጋ! ስብ ካልተጠጋ ደም ሥር አይከፈት፣ ደም ሥር ካልተከፈተ ደም አይወርድ፣ ደም ካልወረደ ቁስል አይድን፣ ቁስል ካልዳነ ቦቲ አያስገባም።”

“ፊኛ ሳይገፋኝ አልጠጋም” አለ ስቡ።

“ሐኪሟ ሳትልከኝ አልገባም” አለች ደም ሥር ውስጥ ገብታ የምትነፋዋ ፊኛ፣ ከቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ።

“እርስዎ እሺ ሳይሉ አልልክም” አለች ሐኪሟ። “በጭንዎ በኩል ነው የማስገባት።”

አያ ተገኜ ደነገጠ። “ቁስሉ ታች፣ እናንተ ላይ! እግሬን ልትቆርጡ ነው!”

ሐኪም ካልላከች ፊኛ አይገባ፣ ፊኛ ካልገባ ስብ አይጠጋ፣ ስብ ካልተጠጋ ደም ሥር አይከፈት፣ ደም ሥር ካልተከፈተ ደም አይወርድ፣ ደም ካልወረደ ቁስል አይድን፣ ቁስል ካልዳነ ቦቲ አያስገባ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሽማግሌ አፍ እሺ ይጠብቃል።

ትሁኔ ሳቀች። “የታች ማሳዬ ደረቀ ብሎ ለሚመጣ ገበሬ ምን ትለዋለህ? ‘ማሳህን አትርገም፤ ወጥተህ ቦዩን እይ’ አይደል የምትለው?”

አያ ተገኜ እንደገና ሥዕሉን አየ። ዋናው ቦይ፣ ቅርንጫፎቹ፣ የተደፈነው ቦታ፣ ሁሉም አለ። ዕድሜ ልኩን ውሃ ሲያካፍል ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ቦይ በገላው ይዞ መዞሩን አያውቅም ነበር።

“ማን ቆፈረው?” አለ በሹክሹክታ። ከዚያም “እሺ” አለ።

እሺ ሲል ሐኪሟ ላከች፤ ስትልክ ፊኛዋ ገባች፤ ስትገባ ስቡ ተጠጋ፤ ሲጠጋ ደም ሥሩ ተከፈተ፤ ሲከፈት ደሙ ወረደ። አላስተኙትም ነበርና በስክሪኑ ላይ በዓይኑ አየው፤ እስከ ጣቶቹ ድረስ ሲወርድ። የቀዘቀዘ እግሩ ሞቀ። ሐኪሟ የእጁን ጣት ወስዳ እግሩ ጀርባ ላይ አኖረችለት፦ ትር፣ ትር። አያ ተገኜ አለቀሰ።

ቁስሉ ግን አልቸኮለም። ቀላ፣ ጠበበ፣ በአሥረኛው ሳምንት ገጠመ። ቦቲውም አስገባ።

መስኖ በተከፈተ ዕለት ገበሬው ሁሉ ወንዙ ዳር ቆሞ ሲጠብቀው፣ አያ ተገኜ ቦቲውን ከማጥለቁ በፊት ጎንበስ ብሎ እግሩን ዳሰሰ። ትር፣ ትር። ትርታው ተራውን አልሳተም።

ተረቴ ከእግር ተነሣ፤ በእግሩም ሄደ።