ካሜራና የንቢቱ ጀርባ

ተረቴን ልጀምር፤ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድሮ ነው፣ ካሜራ አፍ በነበረው ዘመን። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እንዳልሳሳት እፈራለሁ።

አንዲት ንብ ጀርባዋ ላይ አንድ ነገር ተጣበቀባት። ይነክሳታል፤ እሷ ግን አታየውም። ከሥራ ስትቀር የቀፎው ዘበኛ በር ላይ አገደቻት።

«ጀርባሽን አየሁት፤ ምንም የለበትም። ሥራ ጠልተሽ ነው። ነከሰኝ የምትዪውን አሳዪኝ፤ አለዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ እዘጋብሻለሁ።»

ውጭ ያደረች ንብ በብርድ ትሞታለች። ንቢቱ ካሜራ ዘንድ በረረች።

«አያ ካሜራ፣ ጀርባዬን ፎቶ አንሣልኝ!»

«እሺ፣ እመት ንብ። ግን ሦስት ሌንስ አለኝ፤ የቱን ላድርግ?» አለ ግራ ገብቶት።

ሌንሶቹ ቦርሳ ውስጥ ተንጫጩ።

«እኔን! ተራራ ማዶ ያለ የዋሊያ ቀንድ አያለሁ» አለ ረጅሙ።

ካሜራ ረጅሙን አደረገ። ሲጠጋ ንቢቱ ጭጋግ ሆነችበት፤ ሲርቅ አነሰችበት።

«አየኸኝ?»

«አንቺ ነሽ ወይስ ጭስ?»

«እኔን! ሰማዩን ከነምድሩ አጠቃልላለሁ» አለ ሰፊው።

ካሜራ ሰፊውን አደረገ። ዛፉ ታየ፣ ቀፎው ታየ፣ ደመናው ታየ።

«አየኸኝ?»

«ከነጥቦቹ የትኛዋ ነሽ?»

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ካሜራ ይባስ ግራ ገባው። «ረጅሙም ጎበዝ፣ ሰፊውም ጎበዝ። ታዲያ ምን ነካን?»

«የነሱ ጉብዝና ለኔ ምን ያደርግልኛል? ያስቸገረኝ የጤፍ ፍሬ የማያክል ነገር ነው!» አለች ንቢቱ ልታለቅስ ደርሳ።

«የጤፍ ፍሬ የሚያይ ማን አለ?» ሲል ካሜራ ሌንሶቹን ጠየቀ።

ከቦርሳው ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔ ከቅርብ አያለሁ። ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን የለም» አለ አጭሩ።

ካሜራ አጭሩን አድርጎ ተጠጋ።

«ጥላህ ወደቀብኝ፤ ዞር በል!» አለች ንቢቱ። ዞሮ አነሣ።

«ይሄ እግሬ ነው! ጀርባዬ የታለ?»

«ትንሽ ስንነቃነቅ ይደበዝዛል። እባክሽ አትተንፍሺ።»

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ቀጭ! ቀይ ተባይ ከነእግሮቿ ታየች።

እየሮጡ ቀፎው ዘንድ ሲደርሱ ዘበኛዋ በሩን ልትዘጋ ነበር። ፎቶውን አይታ ደነገጠች።

«ውይ እህቴን! እኔ እኮ ሰነፍሽ ብዬ ነው» አለችና ተባይዋን ነቅላ ጥላ አስገባቻት።

ካሜራም ብቻውን ሲመለስ፣ «ሌንሶቹን ሳማክር ፀሐይ ልትጠልቅባት ነበር፤ ምነው የነከሳት ምን ያህል እንደሆነ ንቢቱን ቀድሜ በጠየቅሁ» አለ።

እናንተም የትኛው መሣሪያ ይሻላል ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት፣ የምታዩት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ደህና ሁኑልኝ።