ሚዳቋና «አሳየኝ» የምትለው ቃል

ተረቴ መጣች፤ መንገድ ልቀቁላት። የፈለገ ይስማ፣ ያልፈለገ ይተኛ። ማን እንደሰማ፣ ማን እንደተኛ ዞሬ አላይም።

ነገሩ የሆነው ድሮ ነው። ሰው ኢሜይል የሚባለውን ሳያውቅ በፊት የዱር እንስሳት ያውቁት ነበር። እንዴት አወቁት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ሲነግሩኝ አልጠየቅሁም። ድሩን ከዛፍ ዛፍ የዘረጋችው እመት ሸረሪት ናት። አንበሳ ለዝሆን ሲጽፍ በድሩ ነው፤ ጥንቸል ለአማቷ ስትጽፍም በድሩ ነው። ጽሑፍ ቀላል ስለሆነ ክሩን ይዞ ሄዶ ካሰቡት ይደርሳል። ሥዕል ግን ይከብዳል፣ ክር ያረግባል። ስለዚህ ላኪው ሥዕሉን ቤቱ ያስቀምጥና በደብዳቤው ውስጥ ባዶ ክፈፍ ብቻ ይልካል።

ክፈፍ አራት ጎን አለው፤ መሐሉ ባዶ ነው፤ አፍ ግን አላጣም። ደብዳቤው ሲከፈት «ሥዕል አለ፤ ላሳይህ?» ይላል። አንባቢው «አሳየኝ» ካለው ክሩን ይስባል፤ ሥዕሉም ከላኪው ቤት ተነሥቶ ይመጣል። ክሩ ሲሳብ ላኪው ቤት ያለው ጫፍ ይርገበገባል። ይህን ሁሉም ያያል፤ ልብ ብሎ የሚያጤነው ግን አያ ቀበሮ ብቻ ነው።

አያ ቀበሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ክሩን ያይ ነበር። ክሩ ወደ ወንዙ ከተሳበ አንባቢው ወንዝ ዳር ነው። ጠዋት ከተሳበ ያነበበው ጠዋት ነው። ደጋግሞ ከተሳበ ደጋግሞ አይቷል። አንድም መልስ ሳይጻፍለት፣ እግሩንም ሳያነሣ፣ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር።

በዚያ ወራት እመት ሚዳቋ ወልዳለች። ግልገሏን ከወይራው ዛፍ ትንሽ አለፍ ብሎ አጋም ሥር ደብቃዋለች። ሚዳቋ ቀኑን ሙሉ ልጇ አጠገብ አትውልም፤ ጠላት እሷን አይቶ ልጇን እንዳያገኘው ወይራው ሥር ትውላለች፣ ለማጥባት ብቻ ወደ አጋሙ ትሄዳለች። ግልገሉ ቀንድ የለው፣ እግሩ ገና አልጠና። የት እንዳለ አለመታወቁ ብቻ ነው ያኖረው።

አያ ቀበሮ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፈ። ስሙን አላኖረም፤ «ከቅጠል ወዳጆች ማኅበር» አለ። ስለ ዝናቡ ማማር አወራና ከሥር ክፈፍ አደረገ። እመት ሚዳቋ ወይራው ሥር ሆና አነበበችው። ክፈፍ የለመለመ ቅጠል ሥዕል አለ፣ ላሳይሽ ወይ አላት። አሳየኝ አለችው። ቅጠሉ መጣ፤ ያምር ነበር። አያ ቀበሮ ዘንድ ክሩ ተርገበገበ። ሚዳቋ ወይራው ጋ እንደምትውል ያን ጊዜ አወቀ።

ሁለተኛው ደብዳቤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ነበር። መውለዷን የነገረው የለም፤ ይህንኑ ለጦጣም ለከርከሮም ልኮታል። ያልወለደች ስቃ ትጥለዋለች፤ የወለደች ግን እንዲህ ያለ ሰላምታ አልፋ አትሄድም። እመት ሚዳቋ ብቻዋን ነበር የወለደችው፤ እንኳን ማረችሽ ያላት አንድ ሰው አልነበረም፤ ከእንስሳም ወገን እንደዚያው። አንብባው አሳየኝ አለች፤ እናትና ግልገል ተሥለው መጡ። ደብዳቤውን ዘግታ ከፈተችው፣ ደግማ ዘግታ ከፈተችው። በከፈተችው ቁጥር ክፈፍ ላሳይሽ ወይ እያለ ሲጠይቃት ሰለቻት።

«እየጠየቅህ አታድክመኝ» አለችው። «ከእንግዲህ ሳልነግርህም አሳየኝ።»

ክፈፍ እሺ አለ። ክፈፍ ከእሺ ሌላ ቃል ብዙም አያውቅም። አያ ቀበሮ ዘንድ ክሩ ተርገበገበ፣ ደግሞ ተርገበገበ፣ ደግሞም ተርገበገበ። አያ ቀበሮ ወልዳለች ማለት ነው ብሎ ምራቁን ዋጠ።

ሦስተኛው ደብዳቤ ሥዕል ያለው አይመስልም። «ሰላም ነሽ ወይ?» ይላል፤ ሌላ የለውም። ከሥር ግን አያ ቀበሮ ከጤፍ ፍሬ ያነሰች ነጥብ አኑሯል፤ ነጭ በነጭ ላይ። እሷም ሥዕል ናት፤ ክር እንዲሳብ እንጂ እንድትታይ አልተሣለችም። እመት ሚዳቋ ይህን ደብዳቤ የከፈተችው ውኃ ልትጠጣ ወንዝ ወርዳ ነው። ክፈፍ እንደታዘዘው ሳይጠይቅ ሳበ። አያ ቀበሮም እናቲቱ ወንዝ፣ ግልገሉ ብቻውን መሆኑን አውቆ ወደ ወይራው ተነሣ።

እመት ሚዳቋ ክሩ ከውኃው በላይ ሲርገበገብ አየች።

«ሥዕል የለውም» አለች፤ «ለምን ሳብኸው?»

«አለው እንጂ። ከጤፍ ያነሰች ነጥብ ናት።»

«የማትታይ ነገር ምን ብለህ አሳየኸኝ?»

«ነጥቧን ለአንቺ አሳየሁ፣ አንቺን ለላኪው አሳየሁ» አለ ክፈፍ። «አሳየኝ ስትዪ ሁለቱንም ያልሽ መስሎኝ ነው።»

«ላኪው ማን ነው?»

«የክሩ ጫፍ ያለው ከቀበሮ ጉድጓድ ነው።»

እመት ሚዳቋ ውኃውን ጠጥታ አልጨረሰችም። ሮጣ ስትደርስ አያ ቀበሮ ወይራውን አሽትቶ ጨርሶ አፍንጫውን ወደ አጋሙ አዙሯል። ግልገሉ ጆሮውን ለጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ተኝቷል። እናቱ ከጫካው ወጥታ ገላጣው ሜዳ ላይ ቆመች። አንድ እግሯን እያነከሰች በቀበሮው ፊት አለፈች። ያን ቀን ራሷን ያሳየችው ወዳ ነው። አያ ቀበሮ እናቲቱ ትሻለኛለች ብሎ ተከተላት፤ እሷም እያነከሰች እስከ ገደሉ አፋፍ ወሰደችው። እዚያ ጆሮዋን ነከሳት። የጆሮዋን ጫፍ አፉ ውስጥ ትታ ዘላ አመለጠችው፤ ማነከሱም ቀረ። ቀድማው ተመልሳ ሳይመሽ ግልገሏን አስነሥታ ማንም ወደማያውቀው ቋጥኝ ይዛው ሄደች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ደብዳቤ መጣ። «ጆሮሽን እግዜር ይማርሽ። መድኃኒቱን ሥዬ ልኬልሻለሁ» ይላል። እመት ሚዳቋ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበች። ጽሑፍ ማንበብ ክር አይስብም።

ክፈፍ እንደ ድሮው እንዲጠይቅ ታዟልና፣ «ላሳይሽ?» አላት።

«አታሳየኝ» አለችው።

ክፈፍም እሺ ብሎ ባዶውን ቀረ። አያ ቀበሮ ሚዳቋዋ ትኑር ትሙት፣ ደብዳቤው ይድረስ አይድረስ ሳያውቅ፣ የማይርገበገብ ክር እያየ እስከ ዛሬ ተቀምጧል።

እናንተም ላሳይህ፣ ላሳይሽ የሚል ሲመጣ፣ ማንን ለማን ብላችሁ ጠይቁት። ተረቴ አበቃች። ማን እንደሰማ፣ ማን እንደተኛ አላየሁም፤ እናንተም አትንገሩኝ።