የሦስት ጋን በርበሬና የአንድ ጋን በርበሬ

እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ተረት እሰጣችኋለሁ። ሰጣችሁኝ? በሉ እንግዲህ አድምጡ።

ድሮ፣ ድሮ፣ ከጋራ ሥር ባለች መንደር አንዲት ምንጭ ነበረች። አስቀድሜ ሰዎቹን በየስማቸው ልጥራላችሁ። አንደኛዋ ዘርትሁን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በሬም እርሻም የሌላት፣ በጓሮዋ ብቻ የምትኖር። ሁለተኛው ጎረቤቷ ጎበዜ ነው፤ ክንዱ እንደ ዋርካ ግንድ የወፈረ፣ ችኩል። ሦስተኛዋ የጎበዜ ሚስት ብርቄ ናት፤ ምላሷ ከሚጥሚጣ የሚያቃጥል። አራተኛው የመንደሩ ዳኛ አባ ላቀው ናቸው፤ ብዙ የሚሰሙ፣ ጥቂት የሚናገሩ። ከእነዚህ ሌላ የመንደሩ ሕዝብ አለ፤ እሱም በላተኛ ነው።

አንድ ዓመት በጥቅምት ምንጯ ቀጠነች። ጎበዜ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ወደ ዘርትሁን ጓሮ የሚወርደውን ቦይ ዘጋው።

«ምነው አያ ጎበዜ? ጎመኔ፣ ነጭ ሽንኩርቴና በርበሬዬ ምን ይጠጡ?»

«ውሃው ብዙ በርበሬ ለሚያመርት ነው» አላት። «ያንቺ ጓሮ ለዶሮ መጫሪያ እንኳ አይበቃም!»

ዘርትሁን ድንጋዩን ልታነሣ ሞከረች፤ አልነቃነቅ አላት። ውሃው ከቀረ ጓሮዋ ይደርቃል፤ ጓሮዋ ከደረቀ አገር ለቅቃ መሰደዷ ነው። ጉልበት እንደማያዋጣት ባየች ጊዜ ወደ አባ ላቀው ሄደች።

አባ ላቀው የሁለቱንም ቃል ሰምተው እንዲህ አሉ፦ «ማምረት ብቻውን አያጠግብም፤ ማቆየትም አለ። በርበሬያችሁን ሰብስባችሁ በጋን አኑሩ። በግንቦት ልደታ መንደሩ ከምንጩ ዳር ይበላል። ያን ዕለት ከየጋናችሁ ወጥ ሠርታችሁ አቅርቡ። በርበሬው ደኅና ሆኖ የቆየለት ሰው በውሃው ያዛል። እስከዚያ ቦዩ ለሁለታችሁም ክፍት ይሁን።»

«ይኸማ ተፈረደልኝ!» አለ ጎበዜ። የእሱ በርበሬ ሦስት ጋን ይሞላል፤ የእሷ አንድ ጋን።

ዘርትሁን ሥራዋን በወግ በወጉ ያዘች። ዛላውን አንድ በአንድ አየች፤ ትል የበላውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ጥቁር ነጥብ ያለበትን ለየች። ደኅናውን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ በሰሌን አሰጣችው። ጤዛ ሲረግፍ ታወጣለች፤ ቀን ታገላብጣለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታስገባለች። ታወጣለች፣ ታገላብጣለች፣ ታስገባለች።

ጎበዜ ግን ከደጁ አፈር ላይ በተነው።

በሦስተኛው ቀን ዛላ ይዞ መጣ። «እኔ ጨረስኩ፤ ደም መስሎልኛል።»

ዘርትሁን ዛላውን ተቀብላ በጆሮው ሥር ነቀነቀችው። «ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«ፍሬው ካልተንሿሿ ውስጡ እርጥብ ነው። አገላብጠው።»

በስድስተኛው ቀን መጣ። «ቆዳው ተጨማዷል፤ ይበቃዋል።»

ነቀነቀችው። ዝም። «አገላብጠው።»

በዘጠነኛው ቀን መጣ። ነቀነቀችው፤ ፍሬው ሿ ሿ አለ። «እሰይ! ደረቀልህ።»

«መድረቁንስ ደርቋል፤ ሲዛቅ ተሰባበረብኝ እንጂ። እንዲለሰልስ ውሃ አርከፍክፌ በጋን ከደንኩት።»

«ውሃ? አያ ጎበዜ፣ ጠላትህን አስገብተህ ዘጋህበት እኮ! ቶሎ አውጣና ዳግመኛ አስጣው።»

«ውሃ መከልከል አንቺም ጀመርሽ?» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ዘርትሁን ጋኗን አጠበች፤ በፀሐይ አደረቀች፤ በወይራ ጭስ አጠነች። ከፀሐይ የገባው ዛላ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች፤ ከዚያ ሞላችና ክዳኑን በጭቃ መረገችው።

ወራት አለፉ። የግንቦት ልደታ ዋዜማ ዘርትሁን ጎመን ስትቀነጥስ ከአጥሩ ማዶ የብርቄን ድምፅ ሰማች።

«ጉድ ነው! በርበሬው ፂም አብቅሏል! ሦስቱም ጋን! ሂድ ቅበረው።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አለ ጎበዜ። «ሻጋታውን ጠርጌ እወቅጠዋለሁ። ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ሲበዛበት ማን ያውቃል?»

«ሆድ ያውቃል!»

ዘርትሁን መቀንጠሷን አቆመች። ብትናገር «ቀናተኛ» ይሏታል። ዝም ብትል ሕዝቡ ይታመማል፤ እሷም ውሃዋን ታጣለች። ስታስብ አመሸች፤ ስታስብ አደረች። ሲነጋ ዘዴው መጣላትና ሣቅ አላት።

ረፋድ ላይ ሁለቱ ድስቶች ከምንጩ ዳር ተደረደሩ። የጎበዜ ወጥ ቀላ፣ በቅቤ አንጸባረቀ፣ ሽታው ከሩቅ ጠራ። ሕዝቡ ምራቁን ዋጠ። ሕፃናት ገበታቸውን ዘረጉ። «ምን መፍረድ ያስፈልጋል? ዓይናችን ፈረደ!» የሚል ድምፅ ከመካከል ተሰማ።

ዘርትሁን ተነሣች። «አባ ላቀው፣ በአገራችን ምግብ ያቀረበ ሰው ምን ያደርጋል?»

«አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል፤ ኋላ ለእንግዳ ይሰጣል።»

«እንግዲያው ወጉ ይፈጸም» አለችና ከራሷ ድስት ጎርሳ አጣጣመች። ሁሉም ወደ ጎበዜ ዞረ።

«እኔ ዛሬ ጾም ነኝ» አለ ጎበዜ።

«በበዓለ ሃምሳ!» ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ።

«ጥርሴን... ጥርሴን ያመኛል።»

«ወጥ ይላሳል እንጂ ይታኘካል እንዴ?» አለች ዘርትሁን።

«ብርቄ ትቅመስልኝ።»

«እኔ? ፂሙን ላጭተህ ያመጣኸው አንተ፣ ቅመሰው አንተ!»

ጎበዜ እጁን ወደ ድስቱ ሰደደ። የተዘረጉትን የሕፃናት ገበታዎች አየና ድስቱን በሁለት ክንዱ ሸሸገው። «አትብሉት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሻግቶ ነበር።»

«ሻጋታ ላዩ ቢጠረግ መርዙ ውስጡ ይቀራል» አለች ዘርትሁን። ድስቱም ጋኖቹም ተገለበጡ፤ ውስጣቸው የነበረው ሁሉ ዶሮና ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረ። ከዚያ ሕዝቡ ከዘርትሁን ወጥ በላ። አቃጠላቸው፣ አስለቀሳቸው፣ አሣቃቸው፤ ጣታቸውን ላሱ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ጎበዜም ተጠርቶ በላ፤ የጥርሱ ሕመምም ለቀቀው።

አባ ላቀው ተነሡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጎበዜ ግን የሚለቅመው እንኳ አልተረፈውም። ዘርትሁን፣ ውሃው ያንቺ ነው። እዘዢ።»

«ውሃው ተራ በተራ ይሁን» አለች፤ «አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለእሱ። ቦዩን ግን ጎበዜ ይጥረግ፤ ጓሮዬንም እስከ መኸር ይቆፍርልኝ። እኔ ደግሞ ከጋኔ በርበሬ አካፍለዋለሁ፤ አደራረቁንም አስተምረዋለሁ።»

«ጉልበት ያመርታል፤ ትዕግሥት ያቆያል» አሉ አባ ላቀው። «ተስማማችሁ?»

«ተስማማን!» አለ ሕዝቡ።

«እኔስ በትዕግሥቱ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ተስማምቻለሁ» አለች ብርቄ።

ጎበዜ ዘርትሁንን አየ፣ ምንጯን አየ፣ ክንዱን አየ። «ይሁን» አለ፤ ይሁን ያለውም ሆነ።