የጭቃው ግንብና ሚስቱ በር

እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔም ወሬዬን ልስጣችሁ።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ግቢ የጭቃ ግንብና የቆርቆሮ በር ተጋብተው ይኖሩ ነበር። በሯ እሱን ተደግፋ ትከፈታለች፣ እሱን ተደግፋ ትዘጋለች። ሠላሳ ክረምት እንዲህ አሳለፉ።

በግንቡ እግር ሥር አንድ ቫልቭ ነበረ፤ ከመንገድ የሚመጣውን ውኃ የሚከፍትና የሚዘጋ። ለዚያ ሰፈር ውኃ የሚደርሰው በፈረቃ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ብቻ።

አንድ ማክሰኞ ግንቡ ሚስቱን ጠርቶ "አንቺ፣ እግሬን ውኃ ነካኝ" አላት።

በሯ ዝቅ ብላ ብታይ ቫልቩ ከአንገቱ ያንጠባጥባል። ምን ነካህ ብላ ቫልቩን ጠየቀችው። የአንገቱ ማሰሪያ ማለቁን፣ ውኃው ከመንገድ ተዘግቶ አዲስ ካልታሰረለት እንደማይድን ነገራት።

የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ዘርትሁን ከግቢው ዕቃ ሁሉ የሚሰሙት የበሯን ድምፅ ብቻ ነበር። እሷ ሲጥ ካለች ማነው ብለው ይወጣሉ። ስለዚህ በሯ ልትጮህ ተነሣች።

ይህን ጊዜ የግቢው ውኃ የሚጠራቀምበት በርሜል "ተይ እንጂ እትዬ በር" አላት። "ሳምንቱን ሙሉ ጠብቄ ገና ግማሽ አልደረስኩም። የባልሽ እግር ስለረጠበ የእኛ ጉሮሮ ይድረቅ?"

አጠገቡ ወረፋ የሚጠብቀው ጀሪካንም "እግር መታጠብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው?" ብሎ ግቢውን አሳቀ።

በሯ አፈረች። ጎረቤት ምን ይለኛል አለች። ወደ ባሏ ዞራ ውኃው ይሂድና እጠራልሃለሁ፣ እስከዚያ ታገሥ አለችው። ግንቡም ታገሠ።

ረቡዕ ውኃው ሄደ። ውኃው ሲሄድ ፍሳሹም ቆመ፤ የግንቡ እግር ከላይ ከላዩ ደረቀ። በሯ ልትጮህ ስትል ቫልቩ ራሱ ምኔ ይፈሳል፣ እስኪ ዳስሺኝ አላት። በርሜሉም የዳነ በሽተኛ ሐኪም አይጠራም ብሎ ፈረደ። በሯ እውነት መሰላት፤ እውነት እንዲመስላትም ፈለገች።

ሁለተኛው ማክሰኞ ደረሰ። ቫልቩ ማንጠባጠቡን ትቶ ይወርድ ጀመር። ግንቡ "እግሬ አልጸናልኝም፤ ዛሬስ ጥሪልኝ" አላት። በሯ በርሜሉን አየችው፤ በርሜሉም አፉን ከፍቶ አያት። ባሏን ነገ አለችው። በማግስቱ ደግሞ ሁሉም ደረቅ ነበረ።

ሦስተኛው ማክሰኞ ግንቡ ምንም አላለም። እሷ ናት የጠየቀችው።

"እንዴት ነህ?"

"ደህና ነኝ።"

በሰው ፊት እንዳትሸማቀቅ ብሎ ነው። እሷ ግን ይህችን ቃል ይዛ ተመስገን አለች።

ረፋዱ ላይ ግንቡ እንደ ደከመው ሰው ተንበርክኮ ወደቀ።

ያን ጊዜ በሯ ጮኸች፤ ማንንም አላፈረችም። ወይዘሮ ዘርትሁን ወጡ፣ ሠራተኛ ተጠራ፣ ውኃው ከመንገድ ተዘጋ፤ የቫልቩ አንገት ምሳ ሳይደርስ ታሰረ። ከቀትር በኋላ በርሜሉ እስከ አፉ ሞላ።

በርሜሉ በሞላ ሆዱ ሊያስተዛዝናት መጣ። "ምነው ሳይነግረን? መታመሙን ብናውቅ አንድ ቀን ብንጠማ ምን ነበረበት?"

"ለእናንተስ አልነገራችሁም" አለች በሯ። "የነገረው ለእኔ ነው።"

እሷ በሁለት መቃኗ መካከል ቆማ ቀረች፣ እንደተቆለፈች። በእሷ በኩል የሚገባ ሰው ግን የለም። ሰውም ዶሮም በፍርስራሹ ላይ፣ ባሏን እየረገጠ ይሻገራል። እሷም ቆማ ታያለች።

ወሬዬ ይኸው አለቀ፤ ለልጆቻችሁ አድርሱልኝ። ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ ዝም ያለች፣ ጎረቤት ሲያስተዛዝናት ትኖራለች።